ማስተካከያ፦ ለሪሞት ዴስክቶፕ ብላችሁ ሰውን አድሚን አታድርጉ

ባለፈው ሪሞት ዴስክቶፕ (የዊንዶውስ ኮምፒውተርን ከርቀት መጠቀሚያው) አላስገባ ላለው ሰው «አድሚኒስትሬተርስ ግሩፕ ውስጥ ክተተው» ብዬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው አድሚኖች ያሉበት ግሩፕ ማለት ነው። መግባቱስ ይገባል። ምክሩ ግን ልክ አልነበረም፤ አንድ ክፍል ለማስገባት የቤቱን ቁልፍ በሙሉ መስጠት ነው።

ትክክለኛው ቦታ «ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ» የሚባለው ግሩፕ ነው። ከርቀት ያስገባል፣ አድሚን አያደርግም።

እዚያ ጨምራችሁትም እምቢ ካለ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲን (የዊንዶውስ የደህንነት ቅንብር) ክፈቱና ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወሰንበት ዩዘር ራይትስ አሳይመንት ውስጥ ግቡ። «አላው ሎግ ኦን ስሩ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ» የሚለው ላይ ግሩፑ መኖሩን እዩ። ከዚያ በ«ዲናይ» የሚጀምረውን አቻውን እዩ። ሰውየው ወይም ካለባቸው ግሩፖች አንዱ እዚያ ከተገኘ፣ ሌላ ቦታ የፈለገውን ያህል ቢፈቀድለት አይገባም፤ ክልከላው ያሸንፋል። እኔን ግማሽ ቀን ያስለፋኝ ይሄው ነው፣ አላው የሚለውን ደጋግሜ እያየሁ ከታች ያለውን ዲናይ አላየሁትም።

ማሽኑ ዶሜይን ኮንትሮለር (የድርጅቱን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች መግቢያ የሚቆጣጠረው ሰርቨር) ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል፦ ካልቀየራችሁት በቀር አላው ላይ ያሉት አድሚኒስትሬተርስ ብቻ ናቸው።

በእኔ ምክር አድሚን ያደረጋችሁት ሰው ካለ አውጡት። ገብቶ ከሆነም ሎግ ኦፍ ያድርግ፣ እስከዚያ የድሮው ሥልጣን አብሮት ይቆያል።