እርማት፦ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም

በአዳማ ዙሪያ ሊያስተምሩ ለሚመጡ የውጭ በጎ ፈቃደኞች «የጉድጓድ ውሃም ቢሆን ካፈላችሁት ችግር የለውም» የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ (በውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ንጥረ ነገር) ግን እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ በሊትር ከፍ ይላል። «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያም ክሎሪን ስለሆነ አያወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ጉድጓዱ ከዚያ ካለፈ ለመጠጥም ለወጥም በአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት በሚሠራ ማጣሪያ) የተጣራ ወይም ከወንዝ ተስቦ የታከመ የቧንቧ ውሃ ያዙ።

ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የጥርሱ ስጋት ለመምህሩ ሳይሆን አብሮት ለሚመጣው ልጁ ነው። አፉን በእጁ ከልሎ የሚመልስ ተማሪ ካያችሁ «ጥርስህን ቦርሽ» አትበሉት፤ ብሩሽ ብልዘቱን አያስለቅቀውም።