የግራፊን ጋዝ ሴንሰር፦ «ያለ ማሞቂያ ይሠራል» ሲባል ምን እንጠይቅ?

ከመኪና ጭስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በርካሽ ለመለካት ከካርቦን አቶሞች በተሠራው ስስ ገጽ፣ በግራፊን፣ ላይ ብዙ ተስፋ ተጥሏል። ተስፋው መሠረት አለው። በ2007 የማንችስተር ተመራማሪዎች የዚህን ጋዝ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ሲያርፉና ሲነሱ ለይተዋል። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ስለሆነ ጋዙ የማይደርስበት ውስጥ የለውም። የተለመዱት የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሴንሰሮች ከ200 እስከ 400 ዲግሪ መጋል አለባቸው፤ ባትሪ የሚጨርሰውም ይኸው ማሞቂያ ነው። ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ልኩ) 1 ኪሎ ኦም የሆነ የግራፊን ሴንሰር በ0.1 ሚሊ አምፒር ሲነበብ የሚፈጀው 10 ማይክሮ ዋት ብቻ ነው።

ሻጮች የማይነግሩን ግን ጋዙ እንዴት እንደሚለቅ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከግራፊኑ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ሬዚስታንሱም ይወርዳል። ሙቀት ከሌለ ሞለኪውሉ በቀላሉ አይነሳም። የጠዋቱ የትራፊክ ጭስ እኩለ ቀን ላይም እዚያው ተጣብቆ ይቆይና መሣሪያው ያለፈውን ከአሁኑ ጋር ደምሮ ያሳያል። የማንችስተሩ ሙከራም ቢሆን ሴንሰሩን ወደ ቀድሞው ለመመለስ አየር በሌለበት 150 ዲግሪ ማሞቅ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን ማብራት አስፈልጎት ነበር። ስለዚህ በየተወሰነ ሰዓቱ ለአጭር ጊዜ የሚሞቅ ወይም ትንሽ አልትራቫዮሌት ኤልኢዲ ያለው ሴንሰር ቢመረጥ ይሻላል። ንባቡም የመጨረሻውን ቁጥር ከመጠበቅ ይልቅ ሬዚስታንሱ የሚወርድበትን ፍጥነት ቢከተል ይበጃል።

አሞኒያ በተቃራኒው ሬዚስታንሱን ከፍ ያደርጋል። ፍግ ወይም የፍሳሽ ቱቦ አጠገብ የተሰቀለ ሴንሰር ሁለቱ ጋዞች እርስ በርስ ሲጠፋፉ «አየሩ ንጹሕ ነው» ሊል ይችላል። እርጥበትም ንባቡን ያዛባል፤ ግራፊኑን ከመዳብ ላይ ለማንሳት የሚቀባው ፕላስቲክ ርዝራዥ ደግሞ መንትያ የሚመስሉ ሴንሰሮችን ያለያያል። በደረቅ አየር ብቻ የተፈተነ ዕቃ ክረምት ሲገባ አይታመንም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ስሕተት አለ። በባሕር ወለል 1 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ) ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በሜትር ኩብ 1.88 ማይክሮ ግራም ነው። በከተማችን ከፍታ ግን የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ 1.4 ገደማ ይሆናል። ከፋብሪካ በመጣው የ1.88 ማባዣ ያሰላ ሰው ብክለቱን 30 በመቶ ያህል አጋኖ ያቀርባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ካወጣው የ10 ማይክሮ ግራም ዓመታዊ ወሰን ጋር የሚያወዳድረውም ያንኑ የተጋነነ ቁጥር ነው።

ለከተማ ወይም ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሁሉ በ20፣ በ50 እና በ80 በመቶ እርጥበት የተሠራ ፈተና ይጠይቅ። ከዚያም ሦስት ሴንሰሮችን ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ የደረጃ መለኪያ ጎን፣ አንዱን በመለኪያው የአየር መግቢያ አጠገብ አድርጎ፣ በበጋም በክረምትም ያወዳድር። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ቁጥሩ ለሕዝብ አይውጣ።