ሁሉም ደጃዝማች

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ቡና የተጠራሁበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ከአቦሉ ይቀድማል፤ «በወሎው ንጉሥ ሚካኤል ዘመን ብትኖር ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» ጥያቄውስ ባልከፋ። የሚያበሽቀው መልሱ ነው። ጋራዥ የሚሠራው ጎረቤታችን ፊታውራሪ ሆነ። ሚስቱ ለእቴጌነት ትንሽ አቅማምታ በወይዘሮነት ተስማማች። ባጃጅ ነጂው ልጅ ሳይቀር «እኔማ ደጃዝማች!» ብሎ በርጩማው ላይ ተደላደለ።

ታዲያ ማን ይፍጭ? በንጉሡ ግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ግብር ሲበላ እንጀራው ከጦሳ ተራራ አልወረደም። የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን፣ ወፍጮው ላይ አጎንብሳ፣ መዳፏ ውሃ እስኪቋጥር መጁን ስትገፋ የምታድር ሴት ነበረች። ውሃ ቀጂውስ? ጋሻ ጃግሬውስ? ጢሰኛውስ? እሱማ ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ተካፍሎ፣ አስራቱን ከፍሎ፣ የጌታውን ሑዳድ በነጻ አርሶ፣ የተረፈችውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባ። ነገሩ የቆመው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ አባቶቻችን በዓይናቸው አይተውታል። «ጢሰኛ እሆን ነበር» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ሁሉ ከሾሙ ማን ያርሳል አቦ?

«ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ኖሮ ንጣት ይገድለው ነበር» ይላሉ። ይቺን ተረት እወዳታለሁ። የዛሬው ድሃ ግን በሕልሙም ቢሆን ቀምሶ ይጠጣ። ለበዓል የገዛሁት ቅቤ ሲነጠር ግማሹ ዝቃጭ ሆኖ ቀረ፤ ሻጯ ደግሞ «ወላሂ ለጋ ነው» ብላ ምላልኝ ነበር።

ስለ ምግብ ከተነሳ አንድ ቂም አለብኝ። በየቤተ መንግሥቱ ግብር ተራ ነበረው፤ መኳንንቱ ብርንዶውን ቆርጠው፣ ጠጃቸውን ጠጥተው ሲነሱ ተከታዩ ማዕረግ ይገባል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሥጋውም ጠጁም ይቀጥናል። ይህ አለፈ የሚል ካለ ኮምቦልቻ እኔ የተጠራሁበትን ሠርግ አላየም። ወንበር የተሰጠኝ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ነው። ከእኔ በኋላ የመጣ ባለመኪና ግን ገና ሳይቀመጥ ጥሬ ሥጋው በትከሻዬ ላይ ተሻግሮ ቀረበለት። እጄን ስዘረጋ አሳላፊው «ጋሼ፣ ይሄ የቪአይፒዎቹ ነው» አለኝ። እኔ ፊት ያለው ሥጋው የኮበለለ ጎመን በሥጋ! ስጦታዬን ሲቀበሉ ግን ቪአይፒ ነህ አይደለህም ያለኝ የለም። ከፈለጉ ካርዱ ላይ «ጎመን በላ» ብለው አይጽፉም? ሰው እቤቱ በልቶ ይመጣ ነበር።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጥያቄው። ለእኔም ደረሰኝና «አሳላፊ» ብዬ መለስኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ ሥጋው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከአሳላፊ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእንግዲህ ሠርግ ስጠራ ሙሽሮቹን ሰላም ከማለቴ በፊት እሱን ፈልጌ አቅፌ ነው የምስመው።