የማያጨሱ ሰዎች ሲጋር

ሲጋርን፣ ያን ከትምባሆ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሠራውን ወፍራሙን የሲጋራ ወንድም፣ ከሚያጨሰው ሰው ይልቅ የሚገዛው ይበዛል። ይህን የሚጠራጠር ካለ ከማያሚ ተነሥቶ ወደ ካሪቢያን በሚወርድ የመዝናኛ መርከብ ይሳፈርና፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ተጠራርቶ ከመጣ የሐበሻ ቡድን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታዘብ። በእኛ ቡድን ውስጥ የሚያጨስ ሰው አልነበረም። እንዲያውም የትምባሆ ጠላቶች ነን። አላፊ አግዳሚው ሲጋራ ለኩሶ በአጠገባችን ሲያልፍ አፍንጫችንን ይዘን መንገድ እንሻገራለን፤ ቤታችን ስንገባ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ዕጣን እናጨሳለን። አፄ ዮሐንስ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ የሚያሸተውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር የሚባለውን ታሪክ አንዱ እራት ላይ ቢያነሣው፣ ጠረጴዛው በሙሉ «ደግ አደረጉ!» አለ። በማግስቱ ከወደብ ሲመለሱ እነዚያው ሰዎች ሲጋር በብብታቸው ይዘው ነበር።

ጥፋቱ የመርከቡም ነው። የመርከብ ጉዞ ሰውን የሚያባብለው ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተከፍሏል በማለት ነው። ምግቡ ተከፍሏል፣ መኝታው ተከፍሏል፣ ዘፋኙም ተከፍሎታል። ሐበሻ ግን ከቤቱ ወጥቶ ምንም ሳይገዛ መመለስ አልለመደም፤ በሁለተኛው ቀን እጁን ይበላው ጀመር። መርከቡ ይህን ያውቃል። ወደብ ላይ ሳለ ተዘግቶ የዋለው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ፣ መልሕቅ ተነሥቶ ባሕሩ መሐል ሲገባ ይከፈታል። ገንዘብ ቆጥሮ መስጠት የለም፤ የክፍሉን በር የሚከፍተው ካርድ ኪስንም ይከፍታል። በየወደቡ የትኛው ሱቅ እንደሚሻል እየዞረ የሚሰብክ ሠራተኛም አለ። የሚመከሩት ሱቆች ለመመከር የከፈሉ መሆናቸው በካርታው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ደቃቅ ፊደል ለማንበብ ግን ማንም መነጽሩን ይዞ ወደ ባሕር አይወርድም።

ሴቶቹ ሽቶና የብር ጌጥ ገዙ፣ አበቃ። ወንዶቹ ናቸው የተቸገሩት። ከወደብ የተገዛ መጠጥ መርከቡ በር ላይ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ሌሊት ያስቀምጥባቸዋል፤ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ ያሳፍራል። ሲጋር ግን እጅ ላይ ይቆያል። በር ላይ አይቀሙትም፣ አይከብድም፣ ሳይለኮስም ሰውን ባለ ድርጅት ያስመስላል።

ነገር ግን የተመኙት ማንኛውንም ሲጋር አልነበረም። ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ኒካራጓ ጥሩ ሲጋር ይሠራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ቤታችን አጠገብ ይሸጣል፤ ከእኛ መካከል ዞር ብሎ ያየው የለም። የተፈለገው የኩባው ነው። ለምን ቢባል ክልክል ስለሆነ።

የክልከላው ታሪክ ራሱ ወግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ ላይ ሙሉ የንግድ እገዳ ሊጥሉ ሲሉ፣ የፕሬስ ጸሐፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር ኋላ እንደተረከው፣ በዋዜማው ጠርተው እስከ ጠዋት አንድ ሺህ የኩባ ሲጋር እንዲፈልግላቸው አዘዙት። ሳሊንጀር ዋሽንግተንን አዳርሶ 1,200 ይዞ ቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ደስ አላቸው፤ ከመሳቢያቸው ወረቀቱን አወጡና ፈረሙ። ስኳር ሊወደድ ነው ሲባል ቀድሞ የሚሰማ የመርካቶ ነጋዴ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ከፍ ዝቅ ሲል ኖሯል። በኦባማ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ መንገደኛ ለራሱ የሚሆን የኩባ ሲጋር ይዞ እንዲገባ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ከማያሚ ሃቫና የሚደርስ የመዝናኛ መርከብም ተጀመረ። መርከቡ በ2019 ቀረ፣ ሲጋሩ በ2020 እንደገና ተከለከለ። አሁን ያለው ሕግ እንዲህ ነው፤ በሌላ አገር ሆነህ ገዝተህ እዚያው ማጨስ ትችላለህ፣ ወደ አሜሪካ ይዘህ መግባት ግን አትችልም።

እኛ ጠረጴዛ ላይ ይህ አጭር ሕግ ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንዱ «ኦባማ ፈቅዶልናል» አለ፤ ኦባማ ከሥልጣን የወረደ መሆኑን ማንም ሊያስታውሰው አልደፈረም። ሌላው «መቶ ፍሬ ድረስ ይቻላል» ብሎ ማለ። መቶ ፍሬው ከቀረጥ ነፃ ለሚገባ ለሌላ አገር ሲጋር ነው፤ ለኩባው አይሠራም። ሦስተኛው ታክሲ ይነዳል፤ ደንበኛው ጉምሩክ መሥሪያ ቤት እንደሚሠራና «ግድ የለም» እንዳለው ተናገረ። በእኛ ማኅበረሰብ ከታክሲው የኋላ ወንበር የሚበልጥ የሕግ ትምህርት ቤት ስለሌለ ክርክሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

በማግስቱ ኮዙሜል ደረስን። ኮዙሜል የሜክሲኮ ደሴት ናት፤ ከመርከብ የወረደ ሰው አፈሯን ከመርገጡ በፊት ሱቋን ይረግጣል። አልማዝ፣ ተኪላ፣ ቫኒላ፣ ሰፊ ቆብ ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከኛ ቡድን አንዱን ከዚህ በኋላ ባለ ሳጥኑ እለዋለሁ፤ ስሙን ብጠራው ባለቤቱ ታዝንብኛለች። ባለ ሳጥኑ ከፈገግታው ላይ ዋጋ የሚነበብ ሻጭ ያለበት ጠባብ ሱቅ ገባ፤ እኛም ለምስክርነት ተከተልነው።

ሻጩ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው፣ ኮሂባ የሚል የዝነኛው የኩባ ሲጋር ስም የተጻፈበት፣ ክዳኑ መስተዋት የሆነ የሚያምር ሳጥን አወጣ። ሃያ አምስት ፍሬ፣ አራት መቶ ዶላር። ባለ ሳጥኑ መርካቶ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ፊቱ በራ። እጁን አጣጥፎ «የመጨረሻውን ንገረኝ» አለ። ሦስት መቶ ተባለ። ወጣ፤ ተጠራ። ሁለት መቶ ተባለ። ወጣ፤ ተጠራ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ ሻጩ ተከትሎት መንገድ ላይ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምስጢሩን ነገረው፤ አጎቱ ሃቫና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ሳጥኑ የወጣው በጓሮ በር ነው፣ ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ነው።

ይህን ስንሰማ እምነታችን ተጠናከረ። ዕቃው ሕጋዊ ነው ቢለን ኖሮ እንጠራጠር ነበር። ስልክም ቴሌቪዥንም በጓሮ በር መግዛት የለመደ ሰው፣ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ከሰማ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠለት ይመስለዋል። በአንድ መቶ ሃያ ዶላር ተጨባበጡ። እውነተኛው ኮሂባ አንዳንዱ ዓይነት በአንድ ፍሬ ብቻ ወደዚያ ዋጋ እንደሚጠጋ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ቢኖርም ያን የመሰለ ድርድር አያፈርስም ነበር። ሌሎቹም ከዚያው ሱቅ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ፍሬ ገዙ።

ባለቤቱ ሳጥኑን ስታይ «አንተ፣ ይሄ ደግሞ ለማን ነው?» አለችው።

«ለአባትሽ።»

«አባቴ ደም ግፊት አለበት!»

«ታዲያ አጭስ ማን አለው?»

ከዚህ በኋላ ማጨስ የፈለገ ቢኖር እንኳ የት እንደሚያጨስ እንመልከት። ሜክሲኮ ከ2023 ጀምሮ በሕዝብ ቦታ፣ የባሕሩን ዳርቻ ጨምሮ፣ ማጨስን ከልክላለች። አሜሪካ ይዘህ እንዳትገባ ትላለች። መርከቡ በክፍልህ በረንዳ ላይ ብትለኩስ ይቀጣሃል፤ የፈቀደው አንድ ጥግ ነው፣ እሱም ነፋስ የሚበረታበት። ክቡሩ የኩባ ሲጋር እንግዲህ ተገዝቶ የሚቀመጥበት እንጂ የሚጨስበት መሬት አጥቷል። ለማያጨስ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከየት ይገኛል?

ነገሩን ያበላሸው ኩባ ያደገው ወዳጃችን ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ደሴት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነው፤ ሲናደድ ዛሬም ስፓኒሹ ከአማርኛው ይቀድማል። ያን ቀን ከመርከብ አልወረደም፤ ፀሐይ ስለ ጠገበ። ማታ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት እንደ ሽማግሌ ዳኛ ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን አየ። በእውነተኛው ሳጥን ሥር፣ በኩባ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ በእሳት የታተመ ጽሑፍ አለ፤ ፋብሪካውንና ወሩን የሚጠቁም ምልክትም ይከተለዋል። በግራ በኩል የመንግሥት አረንጓዴና ነጭ ማኅተም ይለጠፋል። የኛው ሳጥን ሥሩ እንደ ሕፃን መዳፍ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በጣቱ መስተዋቱን ኳ ኳ አደረገና፣ ኮሂባ መስተዋት ባለው ክዳን ታሽጎ እንደማያውቅ ነገረን።

«ይሄ ኩባን በካርታም አላየ» አለ።

እንዲህ ብሎ ቢያቆም ደግ ነበር፤ ግን ስለ ኩባ የጀመረ ሰው አያቆምም። ሲጋር ጠቅላዮቹ ሲሠሩ ከፍ ባለ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንባቢ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ እንደሚያነብላቸው፣ ልማዱም እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ እንደኖረ አጫወተን። ኮሂባ በ1966 መጀመሪያ ለካስትሮና ለእንግዶቻቸው ተብሎ እንደ ተሠራ፣ ካስትሮ ራሳቸው ግን በ1985 ማጨስ እንዳቆሙ ነገረን። ባለ 178 ሚሊ ሜትሩ ረጅም ሲጋር ቸርችል ተብሎ እንደሚጠራ ሲናገር ደግሞ ቆም አለ። አዲስ አበባ ሲሄድ የሚጎበኘው የትግላችን ሐውልት፣ የወደቁት የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ ያለበት፣ የቆመው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። «ኩባዎቹ እኛ አገርም ከቸርችል አልተላቀቁም» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ባለ ሳጥኑ ግን አልሳቀም። ታክሲ ነጂው ደስ ብሎት «እንግዲያው የኩባ ካልሆነ ጉምሩክ አይከለክልህም፤ በነፃነት ይዘህ ግባ» አለው። ኩባ ያደገው፣ በሐሰት ስም የተሸጠ ዕቃም በሌላ ሕግ ሊወረስ እንደሚችል አስታወሰ። ባለ ሳጥኑን ያስቆጣው ግን መወረሱ አይደለም። የተናደደው ሳይከለከል በመቅረቱ ነው። መቶ ሃያ ዶላር ያወጣው ለቅጠሉ አልነበረም፤ ሕግ ጥሶ ለመግባት ነበር፤ አሁን ደግሞ ንጹሕ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው።

«አንተ ምኑን ታውቃለህ፣ ከኩባ ከወጣህ ስንት ዘመንህ! አሁን መስተዋት ጀምረዋል» አለና ሳጥኑን ጠቅልሎ ተነሣ።

በመጨረሻው ሌሊት፣ ፍሬ ፍሬ የገዙት በዚያ ነፋሻ ጥግ ተሰበሰቡ። ሕጉ ይዞ መግባትን እንጂ ማጨስን አልከለከለም፤ ስለዚህ በሕይወታቸው ትምባሆ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች የአሜሪካን ሕግ ለማክበር ሲሉ ማጨስ ግድ ሆነባቸው። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ እንደማይሳብ የነገራቸው የለም። አንዱ ሳለና እንባው ወረደ። ሁለተኛው ፊቱ ሲለዋወጥ «ማዕበሉ ነው» አለ፤ ባሕሩ ግን እንደ ተነጠፈ ነበር። ሦስተኛው ሲጋሩን በጥርሱ ይዞ ፎቶ ተነሣ፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፣ የነፍስ አባቱ እዚያው ጓደኛው መሆናቸው ትዝ ሲለው በሩጫ አጠፋው። እሳቸው ግን ቀድመው ወደውለታል።

ማያሚ ጠዋት ደረስን። ባለ ሳጥኑ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሳጥኑን በባለቤቱ ነጠላ ጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር ከትቶታል፤ ጉምሩኩ ቢጠይቀው የሚመልሰውን በእንግሊዝኛ አጥንቶታል፤ ላብ በግንባሩ ችፍ ብሏል። ካሜራው ፊቱን አየ። መኮንኑ ቀና እንኳ ሳይል እለፍ አለው። ባለ ሳጥኑ ቆሞ ቀረ፤ የኋለኛው ሰው እስኪገፋው ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

«እንዴት ምንም አይጠይቀኝም?» እያለ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

ሳጥኑ አሁን አማቱ ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ፣ በቡና ስኒዎቹና ማንም ባልጠጣባቸው ብርጭቆዎች መካከል ተቀምጧል። አማቱ እንግዳ ሲመጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኩባ ነው፤ ልጄ በጉምሩክ አሳልፎ ያመጣልኝ» ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ ኩባ ያደገው ወዳጃችን አብሮን ተጋብዞ ነበር፤ ሁላችንም ዓይን ዓይኑን አየነው። ቡፌው አጠገብ ሄዶ አጎንብሶ ሲመረምር ቆየና፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ሃያ አምስቱም ፍሬ በመስተዋቱ በኩል ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ለአማቱ አድንቆላቸው ወደ ዶሮ ወጡ ተመለሰ።