ሥር አወጣ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም
ጽጌረዳን በቲሹ ካልቸር (ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ) ስለማባዛት የቀረበው ጽሑፍ «ችግኙ ብልቃጥ ውስጥ ሥር ካወጣ ሥራው አለቀ» ይላል፤ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። የጽጌረዳ ዋናው ፈተና የሚጀምረው እዚያ ነው። ቲሹ ካልቸር ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ የመጀመሪያ ችግኞቼን ከአጋሩ (ብልቃጥ ውስጥ ከሚያድጉበት ጄሊ መሰል ምግብ) አውጥቼ በቀጥታ አፈር ላይ ተከልኳቸው። ጠዋት ቀጥ ብለው የቆሙትን ከሰዓት ተልፈስፍሰው አፈሩ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። በጣም ነው ያዘንኩት። ብልቃጥ ውስጥ እርጥበቱ ወደ 100 በመቶ ስለሚጠጋ ቅጠሉ ላይ ውሃ የሚይዘው የሰም ሽፋን በደንብ አይሠራም፤ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹም በወጉ አይዘጉም። አሁን መጀመሪያ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ ከሥሩ ላይ አጥባለሁ (ጣት ላይ ሙልጭልጭ ማለቱ እስኪጠፋ፤ ስኳር ስላለበት ትንሽ ከቀረ ይሻግታል)። ከዚያ ኮኮፒትና ፐርላይት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝና ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ላይ ተክዬ በላስቲክ እሸፍናለሁ። ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈትኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አለማምዳቸዋለሁ። በጽሑፉ ሥር «ሆርሞኑን ብጨምር ቶሎ ይባዛል ወይ?» ላልከው ወንድሜ፦ ቢኤፒ (ቡቃያ የሚያበዛው ሆርሞን) ሲበዛ ቅጠሉ ውሃ ቋጥሮ መስታወት ይመስላል፤ በኋላ ሥር ማውጣቱንም እምቢ ይላል። በሊትር 1 ሚሊግራም አካባቢ ጀምርና ዝርያህ የሚፈልገውን እያየህ አስተካክል።