ድህነት በዶላር

ባሕር ዳር ለሳይክል የተሠራች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ፣ መንገዷ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ዘንባባ። ድሮ አስተማሪውም፣ ተማሪውም፣ የቢሮ ጸሐፊዋም በሳይክል ነበር የሚሄዱት። አሁን ግን ሰው ደመወዙ ትንሽ ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚገላገለው ሳይክሉን ነው። ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ የሰው ክርን ጎኑን እየወጋው መሄድ እንደ እድገት ይቆጠራል።

የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ በሳይክል ቢሮ ሲገቡ ዓለም «ወይ ትሕትና!» አለ። እኛ ዘንድ አንድ የክፍለ ከተማ ኃላፊ በሳይክል ቢመጣ «ምነው፣ ተገምግሞ መኪናውን ቀሙት እንዴ?» ነው የሚባለው። ማታ ደግሞ ሚስቱን ሊያጽናና ጎረቤት ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከስዊድን መጣ። በዋዜማው መብራት ሄደ። ልብ በሉ፣ የምንኖረው በረሃ ላይ አይደለም። ጢስ ዓባይ ላይ የኃይል ማመንጫ የተተከለው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚሁ ከጣና ውሃ የሚወስደው ጣና በለስ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሃው የኛ፣ ጨለማውም የኛ።

አክስቴ እያፈሩ ሻማ ለኮሱ። ልጁ ግን ፊቱ በራ። «ተይው እማዬ፣ ደስ ይላል! እኛ ጋ እኮ በሻማ እራት ለመብላት ገንዘብ ይከፈላል።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ «ብርዱ ነው» አሉ። «ጭንቅላቱ ገብቶ ነው።»

እኔ አልፈርድበትም። ሻማ የሚጥመው ማብሪያውን ሲጫን እንደሚበራለት እርግጠኛ ለሆነ ሰው ነው።

በማግሥቱ ደግሞ ዶሮ ወጡ መጣ። አክስቴ ከኅዳር 15 ጀምረው ጾመው፣ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አምሽተው ነው ያደረሱት። «አልበላም» አለ። ለካ ቪጋን ሆኗል።

«ጾሙ ተፈታ እኮ ልጄ!»

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ነው እማዬ።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣም።»

«እንቁላሉንስ?»

«እንቁላልም።»

አክስቴ ጭልፋውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ሠርተህ ነው?» አሉት። «ንስሐ አባትህ ናቸው እንዲህ ያከበዱብህ?»

ሰፈራችን ውስጥ ከበዓል በቀር ሥጋ የማያይ ሞልቷል። አንዱንም ቪጋን ብሎ ያደነቀው የለም። እንጀራውን ግን ልጁ «ግሉተን የሚሉት የስንዴ ፕሮቲን የለውም» እያለ ጠቀለለው። ይህን እኛም የሰማነው ጤፍ ከተወደደ በኋላ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሐይቁ ዳር ያየሁት ነው። የደንገል ታንኳ እንደምታውቁት ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ቀዛፊው ከወገቡ በታች ሁሌም እርጥብ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ» የምትባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። አልተሳካለትም፤ በዓመቱ በሁለተኛዋ ጀልባ ተሻገረ። ደንገል ላይ ስለተሳፈረ በዓለም ሁሉ ጀግና ተባለ። ማገዶ ጭኖ ከተማ የሚመጣው የኛ ሰውዬ በደንገል ሲመላለስ ኖሯል፤ ጋዜጠኛ ጠብቆት ግን አያውቅም።

የአክስቴ ልጅ የሞተር ጀልባውን ትቶ ታንኳ መረጠ። ቀዛፊው «እኔስ ሞተር ቢኖረኝ» እያለ መቅዘፊያውን አቀበለው። ልጁ በደስታ ቀዘፈ። ሰውየው እጁን አጣጥፎ፣ በተሳፋሪው ጉልበት ተጉዞ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ሌላ ዳያስፖራ ሲያማትር ነው የማየው።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። አገር የሚያህል ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ቧንቧው አየር ይተፋ ጀመር። ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን። ልጁ ባለ 20 ሊትሩን ተሸክሞ በየመንገዱ እያስቀመጠ፣ እጅ እየቀያየረ መጣ። ፎቶ አላነሳም። በረንዳው ላይ ዘፍ አለ።

አክስቴ ጀሪካኑን ተቀብለው ላቡን አዩና ከልባቸው ጠየቁት፦ «ይኼስ እናንተ ጋ ስንት ይከፈልበታል?»

ልጁ ትንፋሹን ሰብስቦ «በወር ነው የሚከፈለው» አለ። «ጂም ይባላል።»