እውነት፣ ንጋትና የባልቲሞሩ ቀጠሮ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት የተነሣ ክርክር ነው። ተከራካሪዎቹ ሦስት ነበሩ ቢባልም ሦስተኛው ከማዳመጥ በቀር ብዙ አልተናገረም፤ ጉዳዩ ግን የእሱ ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ፣ ቪዛው አልፎበት፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላት የአገሩን ልጅ አግብቶ፣ ለግሪን ካርድ አመልክቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ አሁን ትዳሩ የእውነት መሆኑን የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ለሚያይበት ኢንተርቪው ባልቲሞር የተጠራ ወጣት። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ምን ይዤ ልሂድ?» አለ።

«ምን ትይዛለህ? ሚስትህን ይዘህ ሂድ!» አሉ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው፣ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ። ድሮ ታክሲ፣ አሁን ኡበር ነው የሚነዱት፤ በየትኛውም ጉዳይ ላይ አስተያየት አጥተው አያውቁም። «በተክሊል ያገባህ ሰው ነህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሁለተኛዋ ተከራካሪ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት የሰው ዶሴ ስታደራጅ የኖረች ሴት ናት። ፈገግ አለችና፣ «ተክሊሉን እግዚአብሔር ይባርከው፤ ኦፊሰሩ የሚያየው ግን ከካውንቲው ፍርድ ቤት የወጣውን ወረቀት ነው። የጋብቻ ላይሰንሱን ቄሱ ፈርመው መልሰውታል?» ብላ ወጣቱን ጠየቀችው። መልሰውታል፤ ማኅተም ያለበት ቅጂም አውጥቷል። ይሄ አለፈ።

ጋሼ ግን አላለፉትም። «ሚስትህ ላንተ ላስገባችው ማመልከቻ 675፣ ለግሪን ካርዱ 1,440፣ ለሥራ ፈቃዱ 260፤ 2,375 ዶላር በሉ። የሐኪሙን ሳልቆጥር! ይሄን ሁሉ ተቀብለው ደግሞ ማስረጃ አምጣ? ትዳር በወረቀት ነው እንዴ የሚኖረው?» ሒሳቡ ልክ ነው፤ ቁጥር ላይ ጎበዝ ናቸው። «እውነትና ንጋት…»

«ጋሼ፣ ተረቱ እኮ የሚያግዘው እኔን ነው» አለች። «እርስዎ ‹እውነት›ን ይዘው ‹እያደር›ን ጣሉት። ኦፊሰሩ የሚፈልገው ያደረ ነገር ነው። ለሐሙስ ኢንተርቪው ሰኞ የተከፈተ የጋራ የባንክ ሒሳብ አላደረም። ሁለት መቶ ዶላር ገብቶበት ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰም እንደዚያው፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። ከተጋባችሁበት ወር ጀምሮ የቤት ኪራይ፣ የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የሸቀጥ ወጪ ከአንድ ሒሳብ ሲወጣ የሚያሳይ ስቴትመንት ግን፣ ማንም ሳይናገር ይናገራል።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። የሚኖሩት ሰው ቤት ቤዝመንት ነው። ኪራዩ በካሽ ይሰጣል፣ ውል የለም፣ የፖስታ ሳጥኑም በቤቱ ባለቤት ስም ነው። ይህ የእሱ ብቻ ጉድ አይደለም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው ሐበሻ ግማሹ እንዲህ ነው የሚኖረው ቢባል ማን ይከራከራል? ሴትዮዋ መድኃኒቱን ነገረችው። የቤቱን ባለቤት ከዛሬ ጀምሮ በሁለታችንም ስም ውል ስጠን በሉት፤ ላለፉት ወራት ደግሞ ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩና ስንት እንደምትከፍሉ ጽፎ ይፈርም። ያለፈውን ቀን ጽፎ ውል መሥራት ግን በፍጹም! ውሸት የሌለበት ትዳር ውሸት ገባበት ማለት ነው። መንጃ ፈቃዳችሁን ወደዚያው አድራሻ ቀይሩ። ሳጥኑ ላይ ስማችሁን ለጥፉ። ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ ፖስታ ቤቱ ብቻ ማወቁ አይበቃም። የቀጠሮው ደብዳቤ በድሮ ቤት ቀርቶበት፣ ሳይሄድ ቀርቶ፣ ማመልከቻውን እንደተወው ተቆጥሮ የተዘጋበት ስንት አለ።

«የሠርጉ ቪዲዮስ?» አሉ ጋሼ። «አራት መቶ ሰው የበላበት!»

«ቪዲዮውን ማንም ቁጭ ብሎ አያይልዎትም። አሥራ አምስት ሃያ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ቀንና ቦታ ተጽፎ። የሠርጉ ሦስት ይበቃል። ሌላው የፋሲካ፣ የክርስትና፣ የእናቷ ቤት፣ የጓደኛ ልደት ይሁን። ልብሱና ፀጉሩ በሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ከሆነ በአንድ ቀን የተነሣ ነው የሚመስለው።»

ከዚያ ታክስ ተነሣ፤ እውነተኛው ጣጣ ያለውም እዚህ ነው። ሚስትየው ባለፈው ዓመት ታክስ ስትሠራ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ያላገባ የቤት ኃላፊ) ብላ ነበር፤ የሚመለሰው ገንዘብ ይበዛል ብሎ አንድ ሰው መክሯት። በፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31 እንኳ ያገባ ሰው ዓመቱን በሙሉ እንዳገባ ነው የሚቆጠረው። ከባሏ ጋር እየኖረች እንዲህ ብላ መሙላት አትችልም። ኦፊሰሩ ፊት የታክሱ ወረቀት «ብቻዬን ነኝ» ይላል፣ ለባሏ ያስገባችው ማመልከቻ አይ-130 ደግሞ «ባል አለኝ» ይላል። ጋሼ ይህንን «ትንሽ ነገር» አሉት። ትንሽ ነገር! ሴትዮዋ፣ ከኢንተርቪው በፊት በታክስ ማረሚያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ አስተካክላ የተስተካከለውን ቅጂ ይዛ ትምጣ፣ ስትጠየቅም ተሳስቼ ነበር፣ ይኸው አረምኩት ትበል አለች። ሰው ራሱ ያረመው ስህተትና ኦፊሰሩ ያገኘው ስህተት አንድ አይደሉም።

የሚስትየው ገቢ ለስፖንሰርነት መድረሱም አጠራጠረ። በ2025ቱ ሰንጠረዥ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚፈለገው የድህነት ወለሉ 125 በመቶ፣ 26,437 ዶላር ነበር። ጋሼ ደረታቸውን ነፉ። «እኔ እፈርማለሁ! ፊርማ ምን ያስከፍላል?»

«አምና ስንት አስገቡ?»

«ስድሳ ሁለት ሺህ።»

«ታክሱ ላይስ?»

ሳል ያዛቸው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚታየው የገባው ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ ታክሱ ላይ የቀረው ነው። በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር። 55,000 ማይል የነዳ ሰው ከ62,000ው ላይ 38,500 አወረደ ማለት ነው፤ 23,500 ይቀራል። የስልኩና የሌላው ወጪ ሲወጣ ሃያ ሺህም አይሞላ። ጋሼ ደግሞ ሚስት አላቸው፤ ራሳቸው፣ ባለቤታቸውና ወጣቱ ሲደመሩ ሦስት ሰው ነው የሚባለው፣ የሚፈለገውም በዚያው ሰንጠረዥ 33,312 ነበር። ታክስ ላይ ድሃ፣ ቡና ቤት ላይ ሀብታም መሆን አይቻልም። ደግሞ ስፖንሰሩ የሚፈርምበት አይ-864 የዕቁብ ዋስትና አይደለም፤ ተጋቢዎቹ ቢፋቱ እንኳ አይወርድም። ወጣቱ ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም የ40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርለት፣ ወይም አሜሪካን ጨርሶ ለቆ እስኪሄድ፣ አለዚያም እስኪሞት ፈራሚውን ይዞ ይቆያል። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ስለ ፊርማው ዳግመኛ አላነሡም። «እውነትና ንጋት» ግን አሁንም አሉ፤ ለምን እንዳሉት እንኳ አልገባም።

የልደት ወረቀቱ ትርጉም ላይ ቀን ተሳስቷል። ወጣቱ የተወለደው መስከረም 12 ቀን 1984 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1991። ተርጓሚው እንደ ልማዱ 8 ደምሮ 1992 አደረገው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ነው። ቀኑም ቢሆን እንዳለ አይገለበጥም። ፓስፖርቱ ትክክል ስለሆነ ትርጉሙን አዲስ አሠርቶ፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞበት መያዝ ብቻ ነው። የሚስትየው ስም ከባሏ ስም ጋር አለመግጠሙ ግን ምንም አይደለም፤ የኛ ሰው ስሙ ከአባቱ እንጂ ከባሉ እንደማይመጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፣ ያበቃል።

«የትኛው ጎን ነው የምትተኛው፣ የጥርስ ብሩሿ ምን ዓይነት ቀለም ነው ይሉታል እኮ!» አሉ ጋሼ በንዴት። «ይህ ነውር አይደለም?»

ይሄን ከቲክቶክ ነው ያመጡት። አብዛኛው ኢንተርቪው ከፎርሙ አይወጣም። ቀኝ እጅ አንሥቶ መማል፣ ስምና አድራሻ፣ የት ተገናኛችሁ፣ ማን አስተዋወቃችሁ፣ ከዚያ የግሪን ካርድ ማመልከቻው፣ የአይ-485 ረጅሙ የ«አዎ» እና «አይደለም» ዝርዝር፤ ታስረህ ታውቃለህ? ያለ ፈቃድ ሠርተሃል? ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ? ሁለቱን ለይቶ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅና መልሱን ማነጻጸር የሚመጣው ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ያን ጊዜም ማሸምደድ አይረዳም፤ ያላወቁትን አላውቅም ማለት ያዋጣል። ባልና ሚስት ሁሉን ነገር በአንድ ቃል ከመለሱ፣ ይኸውም ራሱ ያጠራጥራል።

ሴትዮዋ የጨመረችው ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ የለም። የኛ ሰው «አዎ» ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ኦፊሰሩ የደነገጠ ይመስለዋል። አፍ አውጥቶ መመለስ ነው። ከሱ የባሰው፣ «ታስረህ አታውቅም አይደል?» ሲባል «አዎ» የምንለው ነው። እኛ «አዎ፣ አላውቅም» ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ብቻ ሲቀር ታስሬያለሁ ይሆናል። «ኖ፣ አይ ሃቭ ኖት» ብሎ ሙሉውን መመለስ ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ደግሞ አስተርጓሚ ይዞ ይሂድ፤ ሚስት አታስተረጉምም።

በዚህ መሐል ወጣቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። የአባቱ ተዝካር ደርሷል፤ ደርሶ ቢመለስስ? ጋሼ፣ «አባት አንድ ነው፣ ሂድ!» አሉ። ይህችን ምክር ብቻ ሰምቶ ቢሄድ ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ባለቀ ነበር። የጉዞ ፈቃድ ሳይወጣለት ከአገር የወጣ አመልካች ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ቪዛ ያሳለፈው ጊዜ ደግሞ እዚሁ ሆኖ ሲያመለክት በዜጋ ባልነቱ የታለፈለት ነው፤ ከወጣ በኋላ ያው ቀን መልሶ ይቆጠርበታል። ተዝካሩን እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ያውጣ።

ቢሳካለት እንኳ በአንድ ቀን አያልቅም። ካርዱ በሚጸድቅበት ዕለት ትዳራቸው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ሁለቱም ፈርመው ካርዱ በቋሚ እንዲለወጥ የሚጠየቅበትን አይ-751 ያስገባሉ፤ ያኔም ያው ስቴትመንት፣ ያው ውል፣ ያው ታክስ። ይህን ያመጣው በፈረንጆቹ የ1986ቱ ሕግ ነው፤ በሐሰት የሚጋቡ በዝተዋል ተብሎ የወጣ። ለካርድ ብሎ ሕግን ለማምለጥ ማግባት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ያስቀጣል። ከዚያም የባሰው፣ አንዴ እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ነገ በእውነት ቢያገባ እንኳ የሚስቱ ማመልከቻ አይጸድቅለትም።

ጋሼ ይህን ሰምተው፣ «እኛ ሐቀኞች ነን፣ ምን አገባን?» አሉ። ፍርዱን ከላይም ደብቄው አልነበረም፤ ሴትዮዋ ልክ ናት። ሐቀኛው ነው የሚጎዳው። የሐሰት ተጋቢው ዶሴውን ገና ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው፤ ውሉ አለው፣ ፎቶው አለው፣ ስቴትመንቱ አለው። ሐቀኛው ግን እውነቱን ተማምኖ ባዶ እጁን ይሄዳል። ኦፊሰሩ የልብ መርማሪ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያነብባል።

ደግሞ ግሪን ካርዱ ሰበብ ሆነ እንጂ ጣጣው የቆየ ነው። የኛ ሰው ለሠርግ አዳራሽ፣ ለሊሞዚን፣ ለሁለት ካሜራ፣ ለመልሱና ለቅልቅሉ ተበድሮ ያወጣል። አራት መቶ ሰው ይጠራል፤ ከአራት መቶው አንዱ «ውላችሁ በማን ስም ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቤት ይገባሉ፤ የእሱ ደመወዝ በእሱ ካርድ፣ የእሷ በእሷ። እሷ ለእናቷ የምትልከውን አትነግረውም፣ እሱ ለወንድሞቹ የሚልከውን አይነግራትም። አንዱ ታሞ ሆስፒታል ቢገባ የኢንሹራንሱን ቁጥር ሌላው አያውቅም። ከዚያ ኢሚግሬሽን የጋራ ኑሯችሁን አሳዩኝ ሲል ተዋረድን ብለን እናለቅሳለን። ኦፊሰሩ እኮ የጠየቀው እኛ እርስ በርስ ልንጠይቀው የሚገባንን ነው። ስንቱ ባል ነው በወር ዕቁብ ስንት እንደሚጥል የዕቁቡ ዳኛ እያወቀ ሚስቱ የማታውቀው?